መዝገቡ ያላገኘው ሰው፦ በጤና መዝገብ መረጃ የኢንፍሉዌንዛ ክትባትን ውጤታማነት ስለ መለካት

(በሕዝባዊ ገለጻ መድረክ የቀረበ ንግግር)



የዛሬው ገለጻዬ በአንድ ጥያቄ ዙሪያ የሚያጠነጥን ነው። የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ነገ በከተማችን ምሥራቃዊ ክፍል፣ ማለትም በቦሌ፣ በየካና በለሚ ኩራ ክፍለ ከተሞች፣ ለአረጋውያንና ሥር የሰደደ ሕመም ላለባቸው ሰዎች መሰጠት ቢጀምር፣ በጤና ተቋሞቻችን ያሉት መዝገቦች ክትባቱ መሥራት አለመሥራቱን ሊነግሩን ይችላሉን? መልሴን አስቀድሜ ልናገር፤ ይችላሉ። ነገር ግን መዝገቡ ላላገኘው ሰው የምንሰጠውን ስያሜ ካልለወጥን በስተቀር፣ የምናገኘው ቁጥር ስለ ክትባቱ ሳይሆን ስለ መዝገቡ የሚናገር ይሆናል።

ኢንፍሉዌንዛ ለዚህች ከተማ አዲስ እንግዳ አይደለም። ዓለምን ያዳረሰው ወረርሽኝ በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ሕዝቡ «የኅዳር በሽታ» ብሎ ሰየመው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን ራሳቸው ታመው ከተረፉት መካከል ነበሩ። እስከ ዛሬ ኅዳር 12 ቀን በየሰፈሩ ቆሻሻ ተሰብስቦ ሲቃጠልና «ኅዳር ሲታጠን» ሲባል የሚታወሰው ያ ዘመን ነው። ይሁን እንጂ በዚያ ወር በከተማዋ ስንት ሰው እንደሞተ የሚናገር የሞት መዝገብ አልነበረም። ስለዚህ የታሪክ ጸሐፍት የሚሰጡን ቁጥር ሁሉ ግምት ሆኖ ቀርቷል።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተለውጧል። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በተመረጡ የጤና ተቋማት የኢንፍሉዌንዛ ቅኝት ይካሄዳል። የዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ ግልጽ ነው፤ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳትና ሳል ያለበት፣ ሕመሙም ከጀመረው ከ10 ቀን ያልበለጠው ታካሚ ኢንፍሉዌንዛ መሰል ሕመም አለበት ተብሎ ይመዘገባል። ናሙናውም በኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ላቦራቶሪ ይመረመራል። በመሆኑም ቫይረሱ በመካከላችን እንደሚመላለስ እናውቃለን። ክትባቱ ግን እ.ኤ.አ. በ1980 በተጀመረው መደበኛ የክትባት መርሐ ግብር ውስጥ አልተካተተም።

ታዲያ በመርሐ ግብር ውስጥ ስለሌለ ክትባት አሁን መነጋገር ለምን አስፈለገ? ምክንያቱ የቫይረሱ ጠባይ ነው። ቫይረሱ ገጽታውን በየጊዜው ስለሚለውጥ፣ የዓለም ጤና ድርጅት የክትባቱን ቅንብር በየዓመቱ ሁለት ጊዜ ይከልሳል፤ በፌብሩዋሪ ለሰሜኑ ንፍቀ ክበብ፣ በሴፕቴምበር ለደቡቡ። አገራችን ከምድር ወገብ በስተሰሜን ብትገኝም በሐሩር ክልል ውስጥ ስለሆነች የቫይረሱ ወቅት የአውሮፓን ክረምት ይከተላል ብሎ አስቀድሞ መደምደም አይቻልም። ስለዚህ በሄልሲንኪ የተለካ ውጤታማነት ለገርጂ ወይም ለሲኤምሲ ነዋሪ እንዳለ ሊገለበጥ አይችልም። በየዓመቱ ለሚለወጥ ክትባት በየዓመቱ አዲስ ሙከራ አካሂዶ በዕጣ የተከተቡና ያልተከተቡ ሰዎችን ማነጻጸርም አይቻልም። የሚቀረው መንገድ በዕለት ተዕለት ሥራ የሚሞሉትን መዝገቦች መጠቀም ነው።

የመዝገብ ጥናት አሳቡ ቀላል ነው። የክትባት መዝገብ ማን መቼ እንደተከተበ ይነግረናል። የላቦራቶሪ መዝገብ ማን ቫይረሱ እንደተገኘበት፣ የሆስፒታልና የሞት መዝገብ ደግሞ ማን እንደተኛና እንደሞተ ይነግሩናል። ሦስቱን በአንድ ሰው ስም ካገናኘን፣ ክትባቱ የመታመምን ዕድል በመቶ ስንት እንደቀነሰ ማስላት እንችላለን። ውጤታማነት የምንለውም ይህንኑ ነው። ዴንማርክ ለእያንዳንዱ ነዋሪ አንድ የመለያ ቁጥር መስጠት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። የፊንላንድ ብሔራዊ የክትባት መዝገብ ከ2009 ጀምሮ የተሰጡ ክትባቶችን ይዟል፤ የአገሪቱ ተመራማሪዎችም ከዚህ መዝገብ ተነሥተው የኢንፍሉዌንዛ ክትባትን ውጤታማነት ወቅቱ ሳያልቅ መገመት ችለዋል።

ሆኖም ሙሉ መዝገብ ያለው ሁሉ እውነቱን ያገኛል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ለእኔ ከሁሉ የላቀ ትምህርት ሰጥቶኛል። በሲያትል አካባቢ የአንድ የጤና ኅብረት አባላት የሆኑ፣ ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ 72,527 ሰዎች ለስምንት ዓመታት መዝገባቸው ተመረመረ። በኢንፍሉዌንዛ ወቅት በተከተቡት መካከል የመሞት ዕድል ካልተከተቡት በ44 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። እስከዚህ ድረስ መልካም ዜና ይመስላል። ተመራማሪዎቹ ግን ሌላ ጥያቄ ጠየቁ፤ ቫይረሱ ገና ሳይገባ፣ ክትባቱ ምንም ሊከላከል በማይችልበት ጊዜስ? በዚያን ጊዜ ልዩነቱ 61 በመቶ ነበር። ወቅቱ ካለፈ በኋላ ደግሞ 26 በመቶ ሆነ።

ይህን ቁጥር በጥሞና እንመልከተው። ክትባቱ የሚሠራው ቫይረሱ ባለበት ጊዜ ብቻ ከሆነ፣ ቫይረሱ በሌለበት ጊዜ የታየው 61 በመቶ ከየት መጣ? ከሰዎቹ ነው የመጣው። ለመከተብ በእግሩ ሄዶ ተራ የሚጠብቅ አረጋዊ፣ ከአልጋው መነሣት ካቃተው አረጋዊ ቀድሞውንም በጤንነቱ ይሻላል። መዝገቡ «ተከትቧል» ብሎ የጻፈው መርፌውን ብቻ አይደለም፤ የሰውየውን አቅም፣ ገንዘብና ደጋፊም አብሮ ጽፏል። ይህን ግን ለብቻው የሚያሳይ ዓምድ በመዝገቡ ላይ የለም።

ይህን አደጋ ወደ እኛ ከተማ እናምጣው። ክትባቱ በቦሌ የግል ክሊኒኮች በክፍያ ብቻ ቢሰጥ፣ የሚከተበው መክፈል የሚችለው ነው። እርሱም ቀድሞውንም የተሻለ ምግብ፣ የተሻለ ቤትና የተሻለ ሕክምና ያለው ስለሆነ ክትባቱ ከሚገባው በላይ ውጤታማ መስሎ ይታያል። በሌላ በኩል የኮቪድ-19 ክትባት በአገራችን ሲጀመር ቅድሚያ የተሰጠው በግንባር ለተሰለፉ የጤና ባለሙያዎች ነበር። እነርሱ ደግሞ ከማንም በላይ ለቫይረሱ የተጋለጡና ከማንም በላይ የተመረመሩ ነበሩ። ከሌላው ሕዝብ ጋር ብናነጻጽራቸው ክትባቱ ደካማ መስሎ ይታይ ነበር። መዛባቱ በአንዱ መንገድ ወደ ላይ፣ በሌላው ወደ ታች ይገፋል። የትኛው እንደገፋን ሳናውቅ ቁጥር ማተም አንችልም።

ለዚህ ችግር በኢንፍሉዌንዛ ጥናት ውስጥ የተለመደ መፍትሔ አለ። ንጽጽሩን ሕመም ተሰምቷቸው ወደ ጤና ተቋም በመጡና በተመረመሩ ሰዎች መካከል ብቻ ማድረግ ነው። ሁሉም ትኩሳትና ሳል አለባቸው፤ ሁሉም ለመታከም መጥተዋል፤ ሁሉም ናሙና ሰጥተዋል። ልዩነታቸው ከፊሎቹ ኢንፍሉዌንዛ ተገኝቶባቸው የቀሩት ነፃ መሆናቸው ነው። ነፃ የሆኑት የንጽጽር ቡድን ይሆናሉ። ይህ ስልት መዛባቱን ሁሉ ባያጠፋም፣ ሐኪም ቤት በሚሄድና በማይሄድ ሰው መካከል ያለውን ልዩነት በእጅጉ ይቀንሳል። አሁን ካለን የቅኝት ሥርዓት ጋርም ይጣጣማል።

ስሌቱን በምሳሌ ላሳይ፤ ቁጥሮቹ ለማስረዳት ብቻ የተመረጡ ናቸው። ኢንፍሉዌንዛ ከተገኘባቸው 100 ሰዎች 10 የተከተቡ፣ 90 ያልተከተቡ ይሁኑ። ነፃ ከሆኑት 200 ሰዎች ደግሞ 40 የተከተቡ፣ 160 ያልተከተቡ ይሁኑ። 10ን ለ90 አካፍለን ውጤቱን 40 ለ160 ሲካፈል በሚገኘው ብናካፍል 0.44 እናገኛለን። ከአንድ ስንቀንሰው የክትባቱ ውጤታማነት 56 በመቶ ይሆናል። ይህን 56 ያዙልኝ፤ ጥቂት ቆይቼ እመለስበታለሁ።

አሁን የራሳችንን ልምድ እንመልከት። የኢንፍሉዌንዛ ክትባት በስፋት ስላልተሰጠ ለዚህ ጥያቄ የሚቀርበው ልምዳችን የኮቪድ-19 ነው፤ እርሱም በአብዛኛው የዚህ የከተማዋ ምሥራቃዊ ክፍል ታሪክ ነው። በአገራችን የመጀመሪያው ታማሚ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። በኮተቤ የሚገኘው ኤካ ኮተቤ ጠቅላላ ሆስፒታል የበሽታው ቀዳሚ ማከሚያ ሆነ። ቦሌ የሚገኘውና ለሚሌኒየሙ በዓል የተሠራው የሚሌኒየም አዳራሽም በዚያው ዓመት 1 ሺህ ያህል ታካሚዎችን እንዲይዝ ተደርጎ ወደ ሕክምና ማዕከልነት ተለወጠ። የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. ከ2 ሚሊዮን በላይ ዶዝ የአስትራዜኔካ ክትባት በቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ደረሰ። የመጀመሪያው ታማሚ በተገኘ ልክ በዓመቱ፣ መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ክትባቱ በኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ተጀመረ።

እንግዲህ አስቡት። አውሮፕላን ማረፊያው፣ አዳራሹና ሆስፒታሉ በአንድ የከተማ ክፍል ውስጥ ናቸው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው በታክሲ ይደረሳል። በአንዱ ታካሚዎች ተመዘገቡ፤ በሌላው ተከታቢዎች ተመዘገቡ፤ ላቦራቶሪው ደግሞ የራሱ መዝገብ ነበረው። ለመዝገብ ጥናት የሚያስፈልገው ጥሬ ዕቃ ሁሉ ነበረን ማለት ነው። የጎደለው በአንዱ መዝገብ የተጻፈችው ሴት በሌላው ከተጻፈችው ጋር አንድ መሆኗን የሚያረጋግጥ ሰንሰለት ነው።

ስለዚህ ጉድለት የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚሁ አካባቢ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ የታካሚዎችን ዝርዝር ከክትባት መዝገብ ጋር ሳመሳክር ነበር። ስማቸው በክትባት መዝገቡ ላይ ያልተገኘውን ሁሉ በኮምፒውተሬ ላይ «0» ብዬ ሞላሁ፤ ትርጉሙም «ያልተከተበ» ነበር። አንድ ቀን ከእነዚሁ ሰዎች አንዷ የሆኑ አዛውንት ለክትትል መጡ። ስለ ክትባት ስጠይቃቸው የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው በላስቲክ የተጠቀለለ ካርድ አወጡ። ሁለት ጊዜ ተከትበዋል። «እማማ፣ በመዝገቡ ላይ አላገኘንዎትም» አልኳቸው። «ልጄ፣ ወረቀቱ እኔ ዘንድ አለ፤ እናንተ ዘንድ ከጠፋ እኔ ምን ላድርግ?» አሉኝ።

የጠፉበትን ምክንያት ተከታትዬ ደረስኩበት። የተከተቡት በቀድሞው ሰፈራቸው በዘመቻ ወቅት ሲሆን፣ በኋላ ልጃቸው ዕጣ ወጥቶለት ወደ ኮንዶሚኒየም ተዛውረዋል። ስማቸው በአንዱ መዝገብ በ«ፀ»፣ በሌላው በ«ጸ» ተጽፏል። ዕድሜያቸው በአንዱ 65፣ በሌላው 70 ነው። ኮምፒውተሩ ሁለት የተለያዩ ሴቶች አድርጎ ቆጠራቸው። «0» ብዬ የጻፍኩት ግን እኔ ነበርኩ፤ ማሽኑን ልወቅስ አልችልም። አላገኘሁም ማለት ሲገባኝ አልተከተቡም ብዬ ጻፍኩ። ትንተናውን በዚያው አቆምኩት።

ይህ ስሕተት ምን ያህል ያዛባል? ወደ 56 በመቶ እንመለስ። በመጀመሪያው ምሳሌ ከንጽጽሩ ቡድን የተከተበው 20 በመቶ ብቻ ነበር። ከተከተቡት የግማሾቹ መዝገብ ጠፍቶ «ያልተከተቡ» ተብለው ቢቆጠሩ፣ ከታማሚዎቹ 5 ለ95፣ ከነፃዎቹ 20 ለ180 ይሆናል። ውጤታማነቱ 53 በመቶ ይወጣል። ጉዳቱ ትንሽ ነው። አሁን ግን ዘመቻው ተሳክቶ ከንጽጽሩ ቡድን 80 በመቶው ተከትቧል እንበል። ክትባቱ ያው ክትባት ነው፤ እውነተኛው ውጤታማነቱም ያው 56 በመቶ ነው። ስለዚህ ከ100 ታማሚዎች 64 የተከተቡ፣ 36 ያልተከተቡ፤ ከ200 ነፃዎች 160 የተከተቡ፣ 40 ያልተከተቡ ይሆናሉ። እንደገና የግማሾቹ የተከተቡ መዝገብ ይጥፋ። ከታማሚዎቹ 32 ለ68፣ ከነፃዎቹ 80 ለ120 ይሆናል። ውጤታማነቱ 29 በመቶ ይወጣል።

ተማሪዎች ሆይ፣ እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። የክትባቱ ፈሳሽ አልተለወጠም፤ ቫይረሱም አልተለወጠም። ነርሶቹ ብዙ ሰው በመከተባቸውና የመዝገብ ሥራው እኩል ባለመራመዱ ብቻ ክትባቱ ግማሽ ኃይሉን ያጣ መስሎ ታየ። ይህ ቁጥር በጋዜጣ ቢወጣ ሕዝቡ «ክትባቱ አይሠራም» ይላል። የሚፈርደው በክትባቱ ላይ ነው፤ ጥፋቱ ግን የመዝገብ ነው።

መዝገብ የሚጠፋባቸው ምክንያቶች ከቋንቋችንና ከአኗኗራችን ጋር የተያያዙ ስለሆኑ ከውጭ በሚመጣ ሶፍትዌር ብቻ አይፈቱም። አንደኛው የፊደል ጉዳይ ነው። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ በንግግራችን አንድ ድምፅ ናቸው። «ኃይሉ» የተባለው ሰው በሌላ እጅ «ሀይሉ» ይሆናል። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ ልዩነቱ ይበዛል። የቤተሰብ ስም ስለሌለንም ሰውን የምንለየው በአባትና በአያት ስም ነው፤ የአያት ስም ያልተጻፈበት መዝገብ በአንድ ወረዳ ውስጥ ብዙ ተመሳሳይ ሰዎችን ይፈጥራል።

ሁለተኛው የቀን ጉዳይ ነው። «5/7/13» ተብሎ የተጻፈ ቀን በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 5 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። በውጭ አቆጣጠር የተነበበ እንደሆነ ግን ከስምንት ዓመት ገደማ በፊት የሆነ ነገር ይመስላል። እንዲህ ያለው ጉልህ ስሕተት ይታረማል፤ አስቸጋሪው የቀናት ስሕተት ነው። ክትባት ኃይል እስኪያገኝ ሁለት ሳምንት ያህል ስለሚወስድ፣ በጥናት ውስጥ አንድን ሰው «የተከተበ» የምንለው መርፌውን ከወሰደ 14 ቀን ሲሞላው ነው። ሁለት አቆጣጠሮች በተቀላቀሉበት መዝገብ ያ ድንበር በቀላሉ ይፈርሳል።

ሦስተኛው የመኖሪያ ጉዳይ ነው። በሰሚት፣ በአያት፣ በየካ አባዶና በቦሌ አራብሳ የሚኖረው ሕዝብ በብዛት ከመሀል ከተማ የመጣ ነው። ካርዱ በአንድ ጤና ጣቢያ፣ ክትባቱ በሌላ፣ ሕክምናው በሦስተኛ ቦታ ይሆናል። በዚህ ላይ እ.ኤ.አ. በ2020 ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ ለሚ ኩራ የተባለ 11ኛ ክፍለ ከተማ ተቋቋመ። ሰውየው ከቤቱ ሳይንቀሳቀስ ክፍለ ከተማው ተለወጠ። ቀድሞ «ቦሌ» ተብሎ የተመዘገበው ቤት በኋላ «ለሚ ኩራ» ተብሎ ይገኛል።

ይህ የአስተዳደር ለውጥ በግለሰቡ መዝገብ ላይ ብቻ ሳይሆን በታሕቱም፣ ማለትም በአካፋዩ የሕዝብ ቁጥር ላይ ጣጣ ያመጣል። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው፤ ያኔ አዲስ አበባ ከ2.7 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነበራት። ከዚያ ወዲህ የምንጠቀመው በስሌት የተራዘመ ግምት ነው። ለፈጣን ጥናት ከምንጠቀምባቸው ስልቶች አንዱ ደግሞ ከታማሚዎች መካከል የተከተቡትን ድርሻ ከጠቅላላው ሕዝብ የክትባት ሽፋን ጋር የሚያነጻጽር ነው። ከታማሚዎቹ 64 በመቶ ተከትበው ከነበረና ሽፋኑ 80 በመቶ ከሆነ ውጤታማነቱ 56 በመቶ ነው። ሽፋኑ 70 በመቶ ከሆነ ግን 24 በመቶ ይሆናል፤ 90 በመቶ ከሆነ 80 በመቶ ይሆናል። የወረዳውን ሕዝብ ቁጥር በትክክል አለማወቃችን ብቻ አንዱን ክትባት ከ«ደካማ» ወደ «እጅግ ጥሩ» ሊያሸጋግረው ይችላል ማለት ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የሚጠፉት ሰዎች እንዲያው በዕድል የሚጠፉ አለመሆናቸው ነው። ለዓመታት በአንድ ቤት የኖረ፣ መታወቂያ ያለው፣ ስሙን ራሱ የሚጽፍ ሰው አይጠፋም። የሚጠፉት በየግንባታው የሚሠራው የቀን ሠራተኛ፣ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትኖረው ልጅ፣ በየዓመቱ ቤት የሚቀይረው ተከራይ፣ በልጃቸው ቤት የተጠጉት አዛውንት ናቸው። ክትባቱ ለእነርሱ ይሥራ አይሥራ ማወቅ ከማንም በላይ ያስፈልገናል፤ መዝገቡ ግን ስለ እነርሱ ዝም ይላል።

ይህን ሁሉ የምናገረው ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም። በዚህች ከተማ ያልተሟሉ መዝገቦችን በብልሃት ተጠቅመን ታላቅ ጥያቄ የመለስንበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ2001 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በከተማዋ የቀብር ቦታዎች ምዝገባ ማካሄድ ጀመሩ። ብሔራዊ የሞት ምዝገባ ገና አልነበረም፤ ነገር ግን ሰው ሲሞት መቀበሩ አይቀርም። በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየሙስሊም መካነ መቃብሩና በሌሎችም የቀብር ስፍራዎች የሟቹ ስም፣ ዕድሜ፣ ጾታና አድራሻ ተመዘገበ። ከሟቾቹ ለተመረጡት ደግሞ ወደ ቤተሰባቸው እየተሄደ ከመሞታቸው በፊት የነበራቸው የሕመም ምልክት ተጠየቀ። እ.ኤ.አ. በ2005 የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ሲጀምር ይህ መዝገብ ዝግጁ ነበር። በኤድስ ምክንያት የሚደርሰው የጎልማሶች ሞት በከተማዋ በፍጥነት መቀነሱን ያሳየው እርሱ ነው።

ያ ሥራ ለምን እንደተሳካ ብንመረምር ሦስት ምክንያቶች እናገኛለን። ምዝገባው መድኃኒቱ ከመምጣቱ በፊት ስለተጀመረ ከመድኃኒቱ በፊት የነበረው ሁኔታ ታውቋል። የመዝጋቢው ሰንጠረዥ አጭርና ቀላል ነበር። ከሁሉ በላይ ደግሞ መዝገቡ ብቻውን አልታመነም፤ ቤት ለቤት እየተሄደ ተፈትሿል። ለኢንፍሉዌንዛ ክትባትም የሚያስፈልገን ይኸው ነው።

ስለዚህ አራት ነገሮችን አሳስባለሁ። አንደኛ፣ በማንኛውም የክትባት ጥናት «የተከተበ» እና «ያልተከተበ» ከሚሉት ሌላ «አልተገኘም» የሚል ሦስተኛ መደብ ይኑር። በውጤቱም ላይ የዚህ መደብ መጠን በግልጽ ይነገር።

ሁለተኛ፣ «አልተገኘም» ከተባሉት መካከል በዕጣ የተመረጡ ሰዎች ዘንድ በስልክም በአካልም ይኬድ፤ ካርዳቸው ይታይ። በጥቂት መቶ ሰዎች የተሠራ ማረጋገጫ የሺዎችን ስሌት ለማረም ይበቃል። ለዚህም የየሰፈሩን ቤቶች የሚያውቁ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች አሉን።

ሦስተኛ፣ የሲያትሉን ፈተና የራሳችን እናድርገው። ቫይረሱ በቅኝት ጣቢያዎች በማይታይባቸው ሳምንታት የተከተቡትንና ያልተከተቡትን እናነጻጽር። በዚያ ጊዜ ልዩነት ከታየ ልዩነቱ ከክትባቱ የመጣ አይደለም። ይህን ፈተና ያላለፈ ቁጥር አይታተም።

አራተኛ፣ የሰውን ማንነት የሚያገናኘው ቁጥር ጉዳይ ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ተደንግጓል፤ የዲጂታል መታወቂያም በአዋጅ ቁጥር 1284/2015። ፋይዳ ቁጥር በክትባት መዝገቡና በላቦራቶሪ መጠየቂያው ላይ ቢጻፍ የፊደልና የአድራሻ ችግሩ በአብዛኛው ይቃለላል። ነገር ግን ሁለት ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ግዴታ ጥሎብናል፤ ተመራማሪው ሊያየው የሚገባው የተሰወረ መለያ እንጂ የሰውን ስምና ቁጥር አይደለም። ደግሞም መታወቂያ የሌለው ሰው ክትባት ሊከለከል አይገባም። መታወቂያ የሌለውን ከመዝገብ የሚያስወጣ ሥርዓት፣ አስቀድሜ የጠቀስኳቸውን ሰዎች ለሁለተኛ ጊዜ ያጠፋቸዋል።

በመጨረሻ ስለ ካርድ ክፍል ሠራተኞች አንድ ቃል ልናገር። እኛ በዩኒቨርሲቲ ተቀምጠን የምናሰላው በእነርሱ እጅ የተጻፈውን ነው። በቀን መቶዎችን የሚያስተናግድ መዝጋቢ የአያት ስም ለመጻፍ የሚያጠፋው ጊዜ ለምን እንደሚጠቅም ነግረነው አናውቅም። ውጤታችንን ለመጽሔት ከመላካችን በፊት ወደ ጤና ጣቢያው ወስደን፣ «ይህ የጻፋችሁት ነው፤ ይህን አስገኝቷል፤ ይህ ደግሞ ጠፍቶብናል» ማለት ይገባናል። የመዝገብ ጥራት የሚጀምረው መዝጋቢው ለምን እንደሚጽፍ ሲያውቅ ነው።

ካርዳቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው የመጡት አዛውንት ከእኛ የበለጠ ጥሩ መዝጋቢ ነበሩ። ወረቀቱን ሁለት ዓመት ጠብቀው አቆይተዋል። የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ወደ አገራችን የሚገባበት ቀን ሲደርስ እኛም እንደ እርሳቸው ተዘጋጅተን እንጠብቅ፤ ያላገኘነውንም ሰው «ያልተከተበ» ከማለታችን በፊት ሄደን እንጠይቀው።